«ምን አጥፍቼ ነው?»

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ሐኪሞች ደሙን አስመርምረው 47 ክሮሞዞም አለው፣ ዳውን ሲንድረም ነው አሉኝ። አማቴ በሦስተኛው ወር በዋጥኩት የራስ ምታት ኪኒን ታሳብባለች። ሁለቱ ታላላቅ እህቶቹ ደህና ናቸው። ምን አጥፍቼ ነው? ስሜ አይጻፍብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፉም። ይህን የምልዎት ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ክሮሞዞም በየሴሉ ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ ነው፤ ሰው በተለምዶ 46 ሲኖረው፣ ልጅዎ ግን አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም አለው። ኪኒኑን የዋጡት በሦስተኛው ወር ነው። ትርፉ ክሮሞዞም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእንቁላሉ ጋር፣ ልጁ ከመፀነሱ በፊት ነው። አማትዎ ተጨንቀው ቢሉትም ኪኒኑ በዚህ አይጠየቅም።

እኔ ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ክሮሞዞም መቁጠር ነው። እንዲህ ያለ ደም እንዴት እንደሚመረመር ልንገርዎት፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ። ደሙን 3 ቀን ያህል በ37 ዲግሪ ሙቀት እናቆየዋለን፤ ነጭ የደም ሴሎቹ መከፋፈል ይጀምራሉ። ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ኮልሴሚድ የሚባል መድኃኒት ጠብ ስናደርግበት ክሮቹ ይፈርሳሉ። ሴሉ ታዲያ ዝም ብሎ አይከፈልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚያስቆሙት ማድ2 የሚባል ፕሮቲንና ባልደረቦቹ ናቸው። አንድ ክሮሞዞም እንኳ ክር ሳይዘው ከቀረ፣ ረዳት አንድ ተሳፋሪ ሲቀርበት ሾፌሩን «ቆይ!» እንደሚለው ሁሉ፣ መከፋፈሉን ይይዙታል። እኛ ሴሎቹን እንደቆሙ እንደርስባቸዋለን። መስታወት ላይ ጠብ አድርገን፣ ቀለም አስነክተን፣ በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን። ስንት ዓመት ሠርቼበት አሁንም ይገርመኛል፤ እነዚያ ፕሮቲኖች ባይጠብቁ ኖሮ ቆጠራው እንዲህ ባልቀለለን ነበር።

እንቁላል ላይ ነገሩ ይለያል። ክሮሞዞሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚይዝ፣ ቅርጹ ቀለበት የመሰለ ኮሂሲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጊዜው ሲደርስ ሴፓሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ ክሮሞዞሞቹም ይለያያሉ። የሴት ልጅ እንቁላሎች ግን ይህን ቀለበት የሚያጠልቁት እሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ይህ ልጅዎ የተፀነሰበት እንቁላል በዚያው ቀለበት 40 ዓመት ቆይቷል። በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ቀለበቱ በአዲስ አይተካም፤ ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል። እንቁላል ውስጥ ደግሞ እነማድ2 እንደ ሌላው ሴል ጥብቅ አይደሉም። ስለዚህ 21ኛው ክሮሞዞም አንዳንዴ ሳይለያይ አብሮ ይሄዳል። በ25 ዓመታቸው ከሚወልዱ 1,250 ያህል እናቶች አንዷን፣ በ40 ዓመታቸው ከሚወልዱት ደግሞ ከ100 አንዷን ያህል ያጋጥማል። የትኛዋም እናት ተጠንቅቃ የምታስቀረው ነገር አይደለም።

ፈረንሳዊው ዤሮም ሌዠንና ባልደረቦቹ ትርፉን ክሮሞዞም ይፋ ያደረጉት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ታውቆ እናቶች ዛሬም ሲወቀሱ ስሰማ በጣም ያናድደኛል።

ስለ ሴት ልጆችዎም አይስጉ። ትርፉ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 46 ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለው አንዳንዴ ከወላጅ ስለሚወረስና እህቶቹም ሊይዙት ስለሚችሉ፣ ያኔ የእርስዎና የባለቤትዎ ደም መታየት ነበረበት። 47 ከተባለ ግን ትርፉ ለብቻው የቆመ ነው።

የልጅዎን ልብ በአልትራሳውንድ ካላሳዩ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያሳዩለት። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ ብዙው በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። የታይሮይድ የደም ምርመራም እዚያው ይጠይቁ።