በትንሽ ብር ጠንካራ ላፕቶፕ ለመግዛት፦ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ኮር አይ7 ነው?» ብላችሁ ከሆነ ሻጩ ገና ከበር ለይቷችኋል። አይ7-7600ዩ የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር (የላፕቶፑ አንጎል) ያለው ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው፤ በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። ስለዚህ ከአይ5 ወይም ከአይ7 ይልቅ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን (ቁጥሩ እንደ 8250ዩ በ8 የሚጀምረው) ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ከ8ኛ በታች ያለውን ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት። የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 ፕሮ 4650ዩ ካገኛችሁ ስድስት ኮር ስላለው አትለፉት።

ብር ሲያጥር እኔ የምመርጠው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኘው «ብራንድ ኒው» ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር ከ4 ጂቢ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ጋር ነው፤ ካርቶኑ ያምራል፣ ሥራው ላይ ግን በሳምንቱ ያማርራችኋል።

ብራችሁን መጀመሪያ በኋላ በቀላሉ ሊቀየር በማይችለው ነገር ላይ አውሉት፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደው ራም እና የስክሪኑ ጥራት ነው። ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ ባትሪና ኪቦርድ ደመወዝ ሲገኝ ይቀየራሉ። ሞዴሉን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የሚቀየረው ሌላው ብቻ ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት ማለት ነው። 8 ጂቢ ከሆነ አንድ ባለ 8 ጨምሩበት፤ ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠራ ከራሙ የሚዋሰው ግራፊክስም ይፈጥናል።

ስለ ግራፊክስ ካነሳን፣ ማስታወቂያ ላይ «8 ጂቢ ግራፊክስ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከራሙ የሚካፈለው ተቆጥሮ ነው። የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ የሚለውን ተጫኑ። የተዘረዘረው ጂፒዩ አንድ ብቻ ሆኖ «ዴዲኬትድ» የሚለው ከሌለ ወይም ከጎኑ ያለው እንደ 128 ሜጋባይት ትንሽ ከሆነ የተለየ የግራፊክስ ካርድ የለውም ማለት ይቻላል። ለፒችትሪ፣ ለኤክሴልና ለፕሮግራሚንግ ይህ ችግር የለበትም። ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም የሚሠራ መሐንዲስ ግን 16 ጂቢ ራም እና የተለየ ካርድ ይፈልጋል። ዲዛይነር ከሆናችሁ ደግሞ 1366 በ768 ስክሪን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ 1920 በ1080 የሆነ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ የማይለወጥ) ስክሪን ይሁን።

አሁን ወደ ፍተሻው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ሻጩም ቢነጫነጭ ይነጫነጭ። ዊንዶውስን ዓይናችሁ እያየ ሪሴት ያድርገው፣ ከዚያ በስልካችሁ ኢንተርኔት አገናኙት። የድርጅት ንብረት የነበረና ከመዝገብ ያልተሰረዘ ከሆነ የዚያን ድርጅት ስም ጽፎ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይጠይቃል። ኢንተርኔት ሳይገናኝ የተጫነ ዊንዶውስ ይህን ይደብቃል፣ ችግሩ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው የሚወጣው። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥም ግቡ። ቲንክፓድ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ካለበት ትንሿን የሰዓት ባትሪ መንቀል አያጠፋውም፤ ፓስወርዱ የሚቀመጠው በሌላ ቺፕ ላይ ነው።

ባትሪውን «ሦስት ሰዓት ይቆያል» በሚል ቃል አትመኑ። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ላይ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። 50 ዋትሰዓት የነበረው አሁን 30 ከሆነ 60 በመቶው ነው የቀረው፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስላችሁ። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱንም ለየብቻ እዩ። የታይፕ ሲ ማስገቢያውንም ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩት፤ በቲ480 ዘመን በወጡ ቲንክፓዶች ላይ የተንደርቦልት ፈርምዌሩ (ማስገቢያውን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ካልታደሰ ማስገቢያው የሚበላሽበት የታወቀ ችግር አለ።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን አስጨንቆ የሚፈትነውን ሲኒቤንች የተባለ ፕሮግራም 10 ደቂቃ አስኪዱት። ሙቀቱ ከ95 ዲግሪ አልፎ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ከወረደ (ለ8250ዩ 1.6 ጊጋኸርትዝ ነው) ወይ ፋኑ አቧራ ይዟል ወይ የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል። ሁለቱም በጽዳትና በአዲስ ፔስት ይስተካከላሉ፣ ስለዚህ ዋጋ ለመከራከሪያ እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሁኑባችሁ። ኤስኤስዲውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ተመልከቱ፤ ጤናው ዝቅ ያለ ከሆነ ፋይላችሁን አደራ አትስጡት።

በመጨረሻ ቻርጀሩ። ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን ኮንቨርተር አያስፈልገውም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ገመድ ብቻ ቀይሩ። ዴል ከገዛችሁ ደግሞ ሲከፈት ቻርጀሩን አላወቅሁትም የሚል መልእክት እንዳያመጣ አረጋግጡ፤ በዚያ ሁኔታ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ሆን ብሎ ይንቀራፈፋል፣ እናንተም ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስላችኋል።