ስለ ኒም ዛፍ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኒም ናቸው። ኒም ከህንድና ከአካባቢዋ የመጣ ዛፍ ነው። እዚያ ሰዎች ጥርሳቸውን ይፍቁበታል፣ እኛ በወይራ መፋቂያ እንደምንፍቀው ማለት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ስሙን ከ«አርባ» አውጥተውለታል፤ አርባ በሽታ ያድናል ሲሉ።

አዲስ አበባ፣ ግቢያችን ውስጥ ኒም አለ። ቅጠሉን አፍልተን ብንጠጣስ?

መጀመሪያ ኒም መሆኑን አረጋግጡ። ኒም የቆላ ዛፍ ነው። ድሬዳዋና ጋምቤላ ይስማሙታል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ግን አይመቸውም። ደጋ ላይ «ኒም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዘመዱ ሜሊያ ነው። የሜሊያ ፍሬ ደግሞ መርዝ አለው። አበባውን እዩት፦ የኒም ነጭ ነው፣ የሜሊያ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቅጠሉ ረግፎም ቢጫ ፍሬው ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ ሜሊያ ነው። ልጆች ፍሬውን እንዳይቀምሱ ጠብቁልኝ።

መድኃኒትነቱ ከምኑ ነው?

ሊሞኖይድ ከሚባሉት መራራ ንጥረ ነገሮቹ። ከመካከላቸው ኒምቢንን ከዘይቱ ለይቶ ያወጣው ኬሚስቱ ሳሊሙዛማን ሲዲቂ ነው፣ በ1942 እ.ኤ.አ.። ጌዱኒን የሚባለው ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ የወባን ተሕዋስ ገድሏል። ቤተ ሙከራ ግን የሰው ሰውነት አይደለም። ትኩሳት ከያዛችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ እንጂ በኒም ሻይ ቀን አትግፉ። በሰው ላይ ሻል ያለ ማስረጃ ያለው ለአፍ ነው፤ በኒም መጉመጥመጥ የድድ መቆጣትን እንደሚቀንስ ትንንሽ ጥናቶች አሳይተዋል።

የስምንት ወር ልጄን ጉንፋን ያዘው። የኒም ዘይት በአፉ ጠብ አድርጊለት አሉኝ።

እህቴ፣ እባክሽ አታድርጊው! ትንሽም ቢሆን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ውስጥ ለቀላል ሕመም ተብሎ ዘይቱን የተሰጣቸው ሕፃናት አስመለሳቸው፣ ፈዘዙ፣ አንቀጠቀጣቸው። ጉበታቸውና አንጎላቸው ተጎዳ፤ የሞቱም አሉ። እናቶቻቸው እንዳንቺው ልጃቸው እንዲሻለው ብለው ነው የሰጡት። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚልሽን አትስሚ። ቀድመሽ ሰጥተሽው ከሆነና ካስመለሰው ወይም ከደነዘዘ፣ ጠርሙሱን ይዘሽ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።

ነፍሰ ጡሮችም ኒምን በአፍ አትውሰዱ። በእንስሳት ላይ ፅንስ ሲያስወርድ ታይቷል።

ጅዳ ነው ያለሁት፣ የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። የኒም እንክብል ልጨምር?

ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይጨምሩ። ኒም ራሱ ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ከልክ በታች ሊያወርድብዎት ይችላል። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ሳዑዲ ውስጥ ዐረፋት ሜዳ ላይ ለሐጅ ተጓዦች ጥላ እንዲሆኑ ከተተከሉት ዛፎች ብዙዎቹ ኒም ናቸው።

ጥቅል ጎመኔን ትል ጨረሰው። ኒም ይረዳኛል?

አዎ፣ እዚህ ላይ ኒም ጎበዝ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ትሉ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። 50 ግራም የተፈለፈለና የደረቀ የኒም ፍሬ ውቀጥ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ በጨርቅ አጥልለህ እርጨው። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያበላሸው ወደ ማታ ይሁን። ትሉ በዚያው ቀን አይሞትም፤ መብላት እያቆመ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጥቂት ቀን ታገሠው።