መልስ፦ ሻንቲኒኬታን የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው ወይ?

ህንድ ውስጥ ዛፍ ሥር የሚያስተምረው ሻንቲኒኬታን የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። መነሻው ግን ኡፓኒሻዶች የሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች ናቸው። ገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር ልጅ ሳለ መደበኛ ትምህርት ቤት አልሆነለትም። በ1901 እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ልጆች የራሱን ትምህርት ቤት፣ ይህንኑ ሻንቲኒኬታንን፣ ከፈተ። ሐሳቡ የመጣው ድሮ መምህርና ተማሪ ጫካ ውስጥ አብረው ከሚኖሩበት ሥርዓት ነው።

እኔን የሚማርከኝ አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ትንሽዬ ምንጣፉን ይዞ ይመጣል። ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ዝናብ ከመጣ ወደ ውስጥ ነው። ሙዚቃና ሥዕል እንደ ሌላው ትምህርት የራሳቸው ክብር አላቸው፤ የትርፍ ሰዓት ማሟያ አይደሉም። ይሄ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። የሳምንቱ እረፍት ረቡዕ ነው፣ የጸሎት ቀን ስለሆነ። በመስታወት በተሠራው የጸሎት አዳራሽ ግን ምንም ዓይነት ምስል አታይም።

ቡዲዝምም ይጠናበታል ወይ ላልከው፣ አዎ፤ ቦታው በ1921 እ.ኤ.አ. ቪሽቫ ብሃራቲ የሚባል ከፍተኛ ተቋም ሆኗል። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቻይናና የቡዲዝም ጥናት ክፍል ተከፈተበት። ፈተና የለም የሚባለው ተጋኗል፤ አለ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እዚያ ተምሯል፤ ከውጤት ፉክክር ይልቅ የማወቅ ጉጉት ይበረታታ እንደነበር ጽፏል።