ሮምን በአንድ ቀን፦ በራሳችን ወይስ በመርከቡ ጉብኝት?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከ74 ዓመት እናቴ ጋር በሜዲትራኒያን ባሕር የመዝናኛ መርከብ እንጓዛለን። መርከቡ ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቆማል። ሮምን በራሳችን እንጎብኝ ወይስ በመርከቡ አስጎብኚ?

መልስ፦ ሮም ከወደቡ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ 12 ሰዓት የሚመስለው ቆይታዎ መውረጃውና መንገዱ ሲቀነሱለት ከ7 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዋናው ልዩነት የዋጋ ሳይሆን የመዘግየት ጉዳይ ነው፤ መርከቡ ራሱ ያዘጋጀው አውቶቡስ ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፣ በራሱ የወጣን መንገደኛ ግን ጥሎ ይሄዳል። ያም ሆኖ የእኔ ምርጫ በራስዎ በባቡር መሄድ ነው፤ ሮማ ሳን ፒየትሮ ጣቢያ ከወረዱ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በእግር ቅርብ ነው፣ መግቢያውም ያለ ክፍያ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ግን ይረዝማል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ የእናትዎ ነጠላ እዚያ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ጥንታዊውን የሮማውያን ስታዲየም ኮሎሲየምን በዚያው ቀን መጨመር ለእሳቸው ድካም ብቻ ነው የሚሆነው። ከመነሻው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድመው ወደቡ ይድረሱ፤ ጊዜ ከተረፈ በሚኬላንጄሎ ስም የሚጠራው ምሽግ እዚያው አጠገብ ነው።