መርዶ በየቀኑ አይነገርም

የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ልታገለግሉ የምትመጡ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ከዚያ ይመጣል።

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን የሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የአረጋውያን የቀን መዋያ ነበረው። እኔ እዚያ ለብዙ ዓመታት ነርስ ነበርኩ። በኋላ በጎ ፈቃደኞችንና ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ለሥራ ልምምድ፣ የሚመጡ ተማሪዎችን መቀበልም የእኔ ሥራ ሆነ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ መስኮት ዳር ተቀምጠው ባለቤታቸውን ይጠብቃሉ። "ዛሬ ቆየብኝ" ይላሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው የተቀመጠችው ተማሪ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ቅን ልጅ ናት፤ መዋሸት አልፈለገችም። "እማማ፣ እሳቸው እኮ አርፈዋል። ስድስት ዓመት ሆናቸው" አለቻቸው።

ነጠላቸውን ጣሉ። ደረታቸውን ደቁ። "ሳልቀብረው! ማንም ሳይነግረኝ!" እያሉ ጮኹ። የሚሉትን ባይሰሙም ክፍሉ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሁሉ ደነገጡ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ አብራቸው አለቀሰች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ጉንጫቸው ገና ሳይደርቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ዛሬ ቆየብኝ" አሉ።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነጋ ነው። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው አገር ላለ ልጅ እንኳን በስልክ ላለመንገር ስንት ቀን ይደበቃል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምናደርገው መርዶ ሰውን እንደሚጥል ስለምናውቅ ነው። ታዲያ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው "ሞተዋል እኮ" ባላችሁ ቁጥር መርዶ እየነገራችሁ ነው። ለእሱ ሁልጊዜም የመጀመሪያው ነው። እኔም በጀመርኩበት ሰሞን ይህንኑ አድርጌያለሁ፤ ያውም ከአንዴ በላይ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምን ማለት ነበረባት? "እየመጡ ነው" በሉ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ እሱን አልወደውም። በር በር እያዩ ይውላሉ፤ እናንተም የማትጠብቁትን ቃል ሰጣችሁ። ይልቅ "ጋሼ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ምን ወጥ ይወዳሉ?" በሉ። እኚያ እናት ይህን ሲጠየቁ ፊታቸው ይበራ ነበር። ባለቤታቸው ዶሮ ወጥ ላይ ቅመም ሲበዛ እንደሚያኮርፉ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ካልጠረጉ እንደማይወጡ ያወሩ ነበር። ናፍቆታቸው እውነት ነው። እናንተም ናፍቆቱን ነው መከተል ያለባችሁ።

ምክንያቱን ማወቅ ይረዳችኋል። ከመርሳት በሽታዎች ውስጥ በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበትን የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ የትናንቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ የልጅነቱ ይቆያል። እኚያ እናት የባለቤታቸውን ቀብር አጥተውታል። ሠርጋቸው ግን አለ። ሊያናድዷችሁ ወይም ሊያደክሟችሁ ብለው አይደለም አሥር ጊዜ የሚጠይቁት።

ስለ ቃላችንም ላንሳ። "ጃጅታለች" አትበሉ። አያታችሁ ላይም ቢሆን፣ ለጨዋታም ቢሆን። ጃፓኖች ለዚህ በሽታ "ቺሆ" የሚል ቃል ነበራቸው፤ ትርጉሙ ወደ ጅልነት የሚጠጋ ነው። በ2004 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መንግሥታቸው ቃሉን "ኒንቺሾ" በሚል ቀየረው። በዓመቱ ደግሞ ተራውን ሰው፣ ባለ ሱቁን፣ የባንክ ሠራተኛውን፣ ተማሪውን ስለ በሽታው ማስተማር ጀመሩ። እንግሊዞችም ሐሳቡን ከእነሱ ወስደው የራሳቸውን ፕሮግራም አቋቋሙ። እኛ "የመርሳት በሽታ" የሚል ጥሩ ቃል አለን። በሽታ ነው፤ ነውር ወይም እርግማን አይደለም። ቤተሰቡ ጠበል መውሰድ ከፈለገ "ውሰዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታቁሙ" በሉ። ከዚህ በላይ አትከራከሩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የምትመጡት ለሰዓት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሃይ ስኩል ለመጨረስ የአገልግሎት ሰዓት ይጠየቃል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ 75 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 100። ለሰዓት መምጣት ምንም ነውር የለውም። እኔ ያየኋቸው ጎበዞች ብዙዎቹ የመጡት ወረቀት ለማስፈረም ነበር። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ሰዓታችሁን ሰኔ ላይ በሁለት ሳምንት አትጨርሱት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ኑ። ስማችሁን ላይዙት ይችላሉ። ድምፃችሁን ግን ይለምዱታል። ትከሻቸው ሲላላ ታዩታላችሁ።

እናንተ አማርኛ የምትችሉ ልጆች ደግሞ ድርጅቱ በገንዘብ የማያገኘው ነገር በእጃችሁ አለ። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ ሲሠሩ የኖሩ ሰው አንድ ቀን በአማርኛ ብቻ ይመልሳሉ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በጉራጊኛ ሊሆንም ይችላል።

አንዲት አረጋዊት ፋይል ላይ "ምሳ እምቢ ትላለች" ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሐኪሙ ክብደታቸውን እያየ ተጨነቀ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀኖቹን ቆጠረች። እምቢ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። የቀረበላቸውም ዶሮ ነበር። ቀኑን መጥራት ባይችሉም ጾሙን አልሳቱም። ምስርና ሩዝ ሲመጣላቸው በሉ።

ሌላ ደግሞ፣ የማስታወስ ምርመራ ላይ "ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?" ተብለው "2010" ያሉ አባት ነበሩ። በፈረንጅ 2018 ስለነበር ወረቀቱ ላይ "ስህተት" ተባለ። ሰዓት ስለው 11 ሰዓት ከ10 ላይ እንዲያደርጉት ሲጠየቁ አጭሩን ቀስት 5 ላይ አስቀመጡ። የሀበሻ 11 ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት 5 አይደል? አሁንም "ስህተት"። እኚህ አባት በሽታው ነበረባቸው፤ እነዚህ ሁለቱን ግን አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ለነርሷ ንገሩ። ነገር ግን እናንተ አስተርጓሚ ሆናችሁ ምርመራ ውስጥ አትግቡ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቤተሰቡ ይህን ላያውቅ ስለሚችል ሹክ በሏቸው።

ሌላም የምታገለግሉት ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ሌሊት ሠርታ ታድራለች፣ ጠዋት እናቷን ታጥባለች፣ አልብሳ ታመጣለች። በር ላይ "አመሰግናለሁ" ብላ ስትሮጥ ዓይኗን እዩት። እናንተ ከእናቷ ጋር በምትቀመጡበት ሦስት ሰዓት ውስጥ ነው የምትተኛው። ስትመለስ "እናትሽ ዛሬ እንዲህ አሉ፣ እንዲህ ሳቁ" በሏት። ያስቸገሩትን ለሠራተኞቹ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንዳሉ ይገልጻል። ከብዙዎቹ ጀርባ እንዲህ ያለች ልጅ ወይም ሚስት አለች። አዲስ አበባ ያላችሁም እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላትን ጎብኙ፤ ግን መጀመሪያ ጎረቤታችሁን አንኳኩና ያቺን አስታማሚ ለአንድ ሰዓት ገበያ ላኳት።

ጥቂት ክልክሎች አሉ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ቲክቶክ ላይ "እማማ እንዴት እንደሚዘፍኑ እዩልኝ" ማለት ፍቅር ይመስላል፤ እሳቸው ግን አልፈቀዱም፣ መፍቀድም አይችሉም። የሰማችሁትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ አታውሩ፤ የእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ቤት ይገባል። ሃያ ዶላር እጃችሁ ውስጥ ሲያስጨብጧችሁ ተመራርቃችሁ ተቀበሉና ወዲያው ለኃላፊዋ ስጡ። ሳትጠየቁ አታጉርሱ፤ ጉርሻ ባህላችን ነው፣ ነገር ግን የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ሊያንቅ ይችላል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ከተደናገረ ወይም ከፈዘዘ "በሽታው ነው" ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ስለሚችል ሮጣችሁ ነርስ ጥሩ።

ለኢንተርንሺፕ የምትመጡት ጉዳይ ትንሽ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ የሶሻል ወርክ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ 900 ሰዓት የመስክ ሥራ ይጠበቅበታል። ይህን ያህል ጊዜ ፎቶኮፒ በማንሳትና ፖስታ በመለጠፍ ማለቅ የለበትም። ከመጀመራችሁ በፊት የሚከታተላችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። በየሳምንቱ ከእሱ ጋር የምትቀመጡበት ሰዓት በጽሑፍ ይኑር። የአስታማሚዎች የድጋፍ ስብሰባ ላይ ጥግ ይዛችሁ እንድትሰሙ ለምኑ። አንዲት ሴት "እናቴ እኔን እንደ ሌባ ታየኛለች" ስትል መስማት ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል። ቤት ስትገቡም የሆዳችሁን የምታወሩት ሰው ይኑራችሁ። ሰው ይሞትባችኋል። መዋያ ውስጥ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሰኞ ይመጣል። እኔ ልጆቹን ሰብስቤ ቡና አፈላ ነበር፤ ሌላ ነገር አልቻልኩም።

ያቺ መርዶ የተናገረችው ልጅ አትመጣም ብዬ ነበር። በሳምንቱ መጣች። ከሀበሻ ሱቅ ምስር ገዝታ፣ የእናቷን ሰፌድ በፌስታል ይዛ ነው። እዚያ ያለው ጨዋታ ቢንጎና ቀለም መቀባት ነበር። እኚያ እናት ለቢንጎ ግድ አልነበራቸውም። ልጅቷ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ "እማማ፣ ይህን ምስር ቢለቅሙልኝ? እኔ አልችልበትም" አለቻቸው።

አንዴ አዩዋት። ከዚያ ሰፌዱን አነሱ። ሁለት ጊዜ አንገዋለሉና ገለባውን እፍ አሉት። ጣታቸው መሮጥ ጀመረ፤ ጠጠሩን ወደ ግራ፣ ምስሩን ወደ ቀኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ባለቤታቸውንም አነሱ፤ "ሲመጣ ይርበዋል" አሉ። ልጅቷም "ምስር ይወዳሉ?" አለቻቸው። "አልጫ ከሆነ" አሉ።

ልጅቷ 75 ሰዓቷን ጨርሳ ስድስት ወር ጨመረች። ኋላም ነርሲንግ ተማረች። የመጨረሻው ቀን ላይ ስትሰናበታቸው የተለቀመውን ምስር በፌስታል ቋጥረው ሰጧት፤ ለማን እንደሚሰጡ አያውቁም፣ ብቻ "ለእናትሽ" አሉ። ማታ ቤቷ ሠርታ ለእኔም በሣህን አመጣችልኝ። አልጫ ነበር። አንድም ጠጠር አላገኘሁበትም።