ቀመሩን ሳይነኩ ማመጣጠን፦ አራት ጥያቄዎች ስለ ኬሚካዊ እኩልታ

ከአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፦ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ በግራ 2፣ በቀኝ ግን 1 የኦክስጅን አቶም ስላገኘሁ፣ በውሃው ቀመር ከኦክስጅን ግርጌ 2 ጨመርኩበት። ሁለቱም ወገን እኩል ሆነ፤ መምህሬ ግን ኤክስ አደረጉብኝ። ለምን?

መልስ፦ ቆጠራሽ ልክ ነው፤ ነገር ግን የጻፍሽው ውሃ አይደለም። 2 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል ቁስል ለማጠቢያና ፀጉር ለማንጫ የሚውለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የግርጌ ቁጥር የንጥረ ነገሩ ማንነት ስለሆነ አይነካም፤ መለወጥ የሚቻለው ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው፣ የሞለኪውሎቹን ብዛት የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ 2 የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከ1 የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር 2 የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል። በሚዛን ስናየውም 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር 36 ግራም ውሃ ይሆናል፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው የቁስ መጠን እኩል ነው ያለው ይህንኑ ነው።

ልጃቸውን ከሚያስጠኑ አባት፦ የቡቴንን መቃጠል ለማመጣጠን ግማሽ ሌሊት ፈጀን። ኦክስጅኑን ባስተካከልን ቁጥር ሌላው ይዛባል።

መልስ፦ ያስቸገራችሁ ቅደም ተከተሉ ነው። ኦክስጅን በቀኝ በኩል በካርቦን ዳይኦክሳይዱም በውሃውም ውስጥ ስለሚገኝ፣ በግራ ደግሞ ብቻውን ስለቆመ፣ መጨረሻ ላይ ቢነካ ሌላውን አያናጋም። በሲሊንደር ከሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ክፍሎች አንዱ የሆነው ቡቴን 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው፤ ስለዚህ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውሃ ይወጣዋል። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ይቁጠሩ፦ 8 ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ 5 ከውሃው፣ በድምሩ 13። በግራ ኦክስጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ 6 ተኩል ሞለኪውል ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ «ተኩል» ሲያይ የተሳሳተ መስሎት ሁሉንም ሰርዞ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ እኔም በተማሪነቴ ስንት ወረቀት በዚህ አበላሽቻለሁ። የቀረው ግን ሁሉንም በ2 ማባዛት ብቻ ነበር፦ 2 ቡቴንና 13 ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ ይሰጣሉ። ቢቆጥሩ በሁለቱም ወገን 8 ካርቦን፣ 20 ሃይድሮጅንና 26 ኦክስጅን ያገኛሉ።

ከአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ በቅንፍ የታሰሩትን አቶሞች አንድ በአንድ ልቁጠር?

መልስ፦ ቡድኑ ሳይፈርስ ከግራ ወደ ቀኝ ከተሻገረ እንደ አንድ አካል ቁጠረው። ውሃ ለማጣራት በሚውለው የአልሙኒየም ሰልፌትና የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አጸግብሮት (ኬሚካዊ ለውጥ) 3 ሰልፌት፣ ማለትም 3 የሰልፈርና የኦክስጅን ቡድን፣ በግራ ካለ በቀኝ 3 ካልሲየም ሰልፌት ይጻፋል፤ ከዚያ 3 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና 2 አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ወዲያው ይከተላሉ። ቡድኑ ከፈረሰ ግን አቶም በአቶም ከመቁጠር ማምለጫ የለም።

ከአንዲት የመሰናዶ ተማሪ፦ 1 የመዳብ አቶምና 1 የብር አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው የብር አቶም) 1 የመዳብ አዮንና 1 የብር አቶም ይሰጣሉ ብዬ ጻፍኩ። አቶሞቹ እኩል ሆነው ሳለ ስህተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ቻርጁ (የኤሌክትሪክ ሙሉ) ላይ ነው። በግራ ያለው የብር አዮን ፖዘቲቭ 1፣ በቀኝ ያለው የመዳብ አዮን ግን ፖዘቲቭ 2 ስለሆነ፣ በጻፍሽው እኩልታ 1 ኤሌክትሮን የገባበት ሳይታወቅ ጠፍቷል። የመዳብ ሽቦ በብር ናይትሬት ሙሙት ውስጥ ሲነከር በሽቦው ላይ የብር ክሪስታሎች ይበቅላሉ፣ ፈሳሹም ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሰማያዊውን ያመጣው እያንዳንዱ የመዳብ አዮን 2 ኤሌክትሮን ጥሎ የወጣ ሲሆን፣ አንድ የብር አዮን የሚቀበለው ደግሞ 1 ብቻ ነው። እንግዲህ በግራ 2 የብር አዮን፣ በቀኝም 2 የብር አቶም ጻፊ፤ ያን ጊዜ ቻርጁ በሁለቱም በኩል ፖዘቲቭ 2 ይሆናል።