አምስቱ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ከገባ 5 ዓመት ሞላው፤ የመጀመሪያውን ዓመት በተማሪነት፣ የቀሩትን በሥራ ፈቃድ ነው የኖረው። አምና እናታችን ታመው ኮምቦልቻ መጥቶ 4 ወር አስታምሟቸዋል። አሁን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል?
(ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ወንድምዎ ግን ጥቂት መታገሥ አለበት። የስፔን ሕግ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን (በሕጉ ስም «የረጅም ጊዜ ነዋሪነትን») የሚሰጠው በመኖሪያ ፈቃድ 5 ዓመት ሳያቋርጥ ለኖረ ሰው ሲሆን፣ የተማሪነት ቆይታ እንደ መኖሪያ ፈቃድ ስለማይታይ፣ ቆጠራው የሚጀምረው የሥራ ፈቃዱ ከጸናበት ቀን ነው። ለማስታመም የቆየበት ጊዜ አያሳስብዎ፤ አንዱ ጉዞ ከ6 ወር፣ የ5 ዓመቱ ድምር ደግሞ ከ10 ወር እስካላለፈ ድረስ ቆጠራው አይቋረጥም። ይሁንና 4 ወሩ ከ10 ወሩ ላይ ከወዲሁ ስለተቀነሰበት፣ በየበዓሉ ወሎ መመላለሱን ቢቀንስ ይሻላል። ከማመልከቻው ጋር የፓስፖርቱ ገጾች ሁሉ ቅጂ ስለሚቀርብ፣ የቦሌ ማኅተም ያረፈበትን አሮጌ ፓስፖርት፣ ገጹ ቢላላጥም እንኳ፣ አይጣለው። ቡና ላይ «የስፓኒሽ ፈተና አለው» የሚሉት ከዜግነት ጋር ተምታቶባቸው ነው፤ ፈተናው የዜግነት ነው፣ እሱም ለኢትዮጵያዊ በመደበኛው መንገድ የ10 ዓመት ኑሮ ይጠይቃል።